የዓሣው ዓይን አልተለወጠም

መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከደቡብ አፍሪካ፣ ከግድቡ ዳር

ለማከብርዎት አክስቴ ለወይዘሮ የዝናሽ፣ አሶሳ

የክረምቱን ጭቃ ያሻገረዎት አምላክ የበጋውን ገበያ ያድምቅልዎት። ጉልበትዎ እንዴት ነው? የቆዳ መጋዘኑስ? ባለቤቴ ስርጉትስ እንዴት ናት? እኔ በሕይወት አለሁ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ።

ስልኬን መንገድ ላይ ነጥቀውኛል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የጎረቤትዎ የኦመር ወንድም ወደ አገር ቤት ሲመላለስ እንዲያደርስልኝ ሰጥቼዋለሁ። ሱቄ ከተቃጠለ በኋላ ከከተማው ወጥቼ ግድብ ዳር ያለች ትንሽ መንደር ገብቻለሁ። የዓሣ ማጥመጃ የሚሸጥ አንድ ሽማግሌ ነጭ አስጠግቶኛል። ስሙ ኩስ ነው። አይሳቁ፤ በአገሩ የክብር ስም ነው። ከዶሮ ላባ ውስጥ ውሎ የሚያድር ሰው ግን ከዚህ የተሻለ ስም የሚያገኝ አይመስለኝም።

ሥራዬ የላባ ዝንብ ማሰር ነው፤ ዓሣ የሚታለልበት የውሸት ዝንብ። ባስ የሚሉት አፈ ሰፊ ዓሣ አለ፤ ሲመሻሽ ወደ ውኃው ፊት ወጥቶ እንቁራሪቱንም ፌንጣውንም ይውጣል። ሰዎቹ እሱን አጥምደው፣ ፎቶ ተነሥተው፣ መልሰው ይለቁታል። አይቆጡ፤ እኔም መጀመሪያ ተቆጥቻለሁ። ዝንቡን የምሠራው እንዲህ ነው። መንጠቆውን በጉጠት አስነክሼ ከስፖንጅ ትንሽ ገላ እቀርጽለታለሁ። ፊቱን እንደ ማንኪያ አሰረጉደዋለሁ። ከኋላው የፍየል ጭራ፣ በአንገቱ ዙሪያ የአውራ ዶሮ ላባ በክር እጠመጥምበታለሁ። ሲሳብ ያ የተሰረጎደ ፊት ውኃውን ‹ቡልቅ› ያደርገዋል፤ ዓሣው እንቁራሪት ዘለለ ብሎ ይመጣል። ከሁሉ በላይ መንሳፈፍ አለበት። የሰመጠ ዝንብ ጠጠር ነው ይላል ኩስ።

አሁን ልመናዬን ልንገርዎት። ብር አልጠይቅም። እዚህ ዶሮው ገና ጫጩት ሳለ ይታረዳል፤ አውራ ሆኖ አንገቱ ረጅም ላባ እስኪያወጣ የሚታገሠው የለም። የእናንተ ገበያ አውራ ዶሮ ግን ያን ላባ አለው። የፍየል ጭራም እርስዎ ከቆዳው ላይ ቆርጠው ሲጥሉት አውቃለሁ። ሁሉም ጥቁር ይሁንልኝ። ዓሣው ከታች ሆኖ ወደ ሰማይ ስለሚያይ፣ ሲመሽ ከጥቁር የበለጠ ጎልቶ የሚታየው ቀለም የለም። ያረጀ የስፖንጅ ነጠላ ጫማም ካገኙ ይጨምሩበት። ኩስ ጥሩ ላባ ካመጣሁ ጓዳውን ለማደሪያ እንደሚተውልኝ ነግሮኛል። ካላመጣሁ የምሄድበት የለኝም።

እርስዎን በደህና ያሳደረልኝ እግዜር ወደፊትም ያሳድርልኝ።

ልጅዎ ታምሩ

*

ኅዳር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.
አሶሳ

ለልጄ ለታምሩ

በሰው አገር ያለኸውን የሰማይ ጠባቂ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዝናብ ሲመጣ ከራዲዮ ቀድሞ ይናገራል እንጂ ሌላ ጥፋት የለበትም። ስርጉትም ደህና ናት፤ ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ የሰው ጸጉር ትሠራለች፤ ደንበኛ አታጣም። አንተ ግን መብላትህንና መተኛትህን ጻፍክልኝ እንጂ ደህና ነኝ አላልክም። አይቼዋለሁ።

ላባህን ልኬልሃለሁ። ለላባ ብቻ ገበያ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ዶሮ የምትሸጠው ኡምኩልሱም ባየችኝ ጊዜ ሳቋ እስከ በርበሬ ተራ ተሰማ። «ዶሮው ትቶ ላባው ይገዛል? ወላሂ የዝናሽ፣ አንቺ መብረር ይፈልጋል!» አለችኝ። ላባው ለዓሣ እንደሆነ ብነግራት ጭራሽ መሬት ተቀመጠች። ቢሆንም ጥቁር አውራ ዶሮ ያላቸውን ቤቶች ሁሉ እየጠራች አስነጭታ ሰጠችኝ፤ ለላባው ዋጋ አልቀበልም አለች። ስርጉት በርዝመት በርዝመት ለየችው። ጭራዎቹንም መርጣ አበጠረቻቸው፤ የሰው ጸጉር እንደምታበጥር አድርጋ።

በመንገድ እንዳይበሰብስብህ እኔው ራሴ በጨው አሽቼዋለሁ። ስንት ዘመን ቆዳ ስልክ እንዲህ አድርጌ አንድም ቀን ተበላሽቶብኝ አያውቅም። በዚህ በኩል አትሥጋ።

ነጠላ ጫማም ከሰፈር ልጆች ሰብስቤ ጨምሬአለሁ። አንዷን ብቻ ስርጉት አልሰጥም ብላለች፤ ከድባጤ ስትሸሹ በእግሯ የቀረችውን ሰማያዊ አንድ እግር። ጥንዷን ጥላ የመጣች ጫማ ምን ትሠራለች ብላት ከአልጋዋ ሥር መልሳ አስቀመጠቻት። ተውኳት።

የድባጤ ሰዎች አንዳንዶቹ እየተመለሱ ነው ይባላል። እኔ አጣርቼ እስክነግርህ አትመን። ፎቶህን ላክ።

አክስትህ የዝናሽ

*

ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከግድቡ ዳር

ለአክስቴ ለወይዘሮ የዝናሽ

ለልደት በዓል አደረሰዎት፤ የቤቱን በር የሚያንኳኳ ሁሉ መልካም ወሬ ይዞ ይግባልዎት።

ላባው ደርሶኛል። እንዴት ብዬ እንደምጽፍልዎት ሳስብ ቆየሁ። ሲያዩት የሚያምር ነበር፤ በላዩ ደስ ብሎኝ ያለኝን ክር ሁሉ አሰርኩበት። ጨው ግን እርጥበት ይስባል፤ ቆዳን ያድናል፣ ላባን ግን ውኃ ያስጠጣዋል። ኩስ የታወቁ ደንበኞቹን ጠርቶ ዝንቦቹን ሰጣቸው። ውኃው ላይ ወርደው ትንሽ ቆዩና እንደ ድንጋይ ሰመጡ። በሣጥን የቀሩትም መንጠቆአቸው ዝጎ አገኘነው። አልጮኸብኝም። አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፋቸውና ወጣ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። አሁንም ካላስቸገርኩ እንደገና ይላኩልኝ። ጨው አይንካው፤ በሳሙናም አይታጠብ፤ ወዙ ይለቃል። በጥላ ደርቆ በደረቀ የኒም ቅጠል ይጠቅለልልኝ፤ ብል አይደርስበትም።

በዚህኛው ጊዜ ጥቁሩ ይቅር። ነጭ ብቻ ይላኩ። ነጭ ላባ፣ ነጭ የፍየል ጭራ። ክሩም ወፍራም ቢጫ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ልብስ ሰፊዎች ጋ አይጠፋም። ደንበኞቹ ነጭ ወደዋል።

ለስርጉት እኔ የሠራሁትን አንድ ዝንብ ልኬላታለሁ፤ የላባዋን መጨረሻ ትይ። ፎቶ የሚያነሣኝ ሰው ስላላገኘሁ ነው። ኩስ እስከ ብርዱ ድረስ ታግሦኛል። ከዚያ ወዲያ ዓሣው ወደ ላይ አይወጣም፤ እኔንም አይፈልገኝም።

ታምሩ

*

ከማስታወሻዬ፣ ጥር 17

የታምሩ ደብዳቤ ትናንት ደረሰ። ፊደሉ ከመስከረሙ እጥፍ አድጓል፤ መስመሩም ወደ ቀኝ ሲሄድ ይወርዳል። ለጨው ስሕተቴ አፍሬአለሁ፤ እሱን በሌላ ላባ አስተካክለዋለሁ። የሚያሳስበኝ ነጩ ነው። ስርጉት ዝንቡን ይዛ በር ላይ ተቀምጣ ዋለች፤ ደንበኛ ስትመጣ ነገ ነይ አለቻት። ማታ እንደፈታችው አሳየችኝ።

*

ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.
አሶሳ

ለልጄ ለታምሩ

የተሸሸገውን የሚያይ ጌታ የሚበጅህን ያሳይህ።

ነጭ ላባና ነጭ ጭራ ልኬአለሁ፤ ጨው የለበትም፣ ውኃም አልነካውም። ቢጫውንም ክር። ይህን ካልኩ በኋላ ወደ ነገሬ ልግባ፤ እኔ ዙሪያ ጥምጥም አላውቅም።

በመስከረም ስትጽፍልኝ ዓሣው ከታች ስለሚያይ ጥቁር ይበልጣል ብለህ ነበር። ነገሩ ገብቶኝ ነበር፤ እውነትም ይመስላል። በታኅሣሥ ጥቁሩ ይቅር፣ ነጭ ብቻ፣ ክሩም ቢጫና ወፍራም ትለኛለህ። የዓሣው ዓይን አልተለወጠም። የማን ዓይን ነው የተለወጠው?

ስርጉት የላክህላትን ዝንብ ፈታችው። ክፋት አስባ አይደለም፤ አሠራሩን ልትማር ነው። ክሩ በአንድ በኩል ተደርቦ በሌላው በኩል የስፖንጁ ገላ ይታያል አለችኝ። ቋጠሮውም ጎን ላይ ወድቋል፤ ማስቲሹ ጉድለቱን ለመሸፈን ተደፍድፏል። «ይህን የሠራው በዳበሳ ነው» አለች። መብራት ሲጠፋ የሰው ጸጉር በዳበሳ የምትጨርስ ልጅ ስለሆነች አመንኳት።

አያትህን አታስታውሰው ይሆናል። ከወሎ መጥተን እዚህ ስንሰፍር ዓይኑ ደህና ነበር። በኋላ ከጎኑ የተቀመጠ ብርጭቆ ይገለብጥ ጀመር። ከጎን የመጣ ሰው ያስደነግጠዋል። መብራት ስናበራ ዙሪያው ቀስተ ደመና አለው ይለን ነበር፤ እኛ እንስቃለን። መርፌ ሲከብደው ነጭ ክር ስጡኝ አለ። ማንም ሐኪም ቤት አልወሰደውም፤ እርጅና ነው አልን። እሱ ግን ያኔ ገና እንደ አንተ ጎልማሳ ነበር። የዓይን ግፊት በዘር እንደሚወርድ የነገረችኝ እዚህ ያለች የዓይን ነርስ ናት፤ ሄጄ ጠየቅኋት። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረው ግን ሳይዘገይ ከታከመ ይተርፋል ብላኛለች።

አንድ ነገር አድርግ። ፊት ለፊት እያየህ እጅህን በጎንህ ዘርጋና ቀስ ብለህ ወደ ፊት አምጣ። የት ላይ ስትደርስ ነው ጣትህ የሚታይህ? እሱን ጻፍልኝ። ሌላ ወሬ አልፈልግም።

የዝናሽ

*

ከማስታወሻዬ፣ የካቲት 21

መልስ የለም። ኦመር ወንድሙን ጠይቆልኛል፤ ደብዳቤውም ላባውም በእጁ ተሰጥቶታል። ወንድሙም «እኔ ፊት ፈርሞ ተቀበለ፤ የት ጋ እንደሚፈርም ግን ጣቱን ይዤ ነው ያሳየሁት» ብሏል።

መጋቢት 2

መልስ የለም። ስርጉት አትጠይቀኝም። የኡምኩልሱምን ላባ እያመጣች አሮጌ መንጠቆ ላይ ታስራለች፣ ትፈታለች። መጀመሪያ የሠራችው በባልዲ ውኃ ላይ በጎኑ ተኛ፤ የትናንቱ ቀና ብሎ ቆመ።

*

መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክስቴ

ሰላምታዬ አጭር ስለሆነ ይቅር ይበሉኝ፤ ወረቀቱ ላይ የሚገባው ፊደል ጥቂት ነው።

ሳልመልስ የቆየሁት መልሱን ስለማውቅ ነው። እጄ አፍንጫዬ አጠገብ እስኪደርስ አይታየኝም። ግራ ዓይኔ ሄዷል። በቀኙ የማየው በቀርከሃ ውስጥ አሾልኬ እንደማይ ነው፤ መሃሉ አለ፣ ዳር ዳሩ የለም። ጥቁር ክር በጥቁር ላባ ላይ አላይም። ነጩን የጠየቅሁት ለዚህ ነው። ደንበኛ ነጭ አልወደደም፤ ዋሽቼዎታለሁ።

ባለፈው ዓመት ሐኪም እርስዎ ያሉትን ራሱን ነግሮኛል። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል፣ የሚያስታምምህ ሰው ይዘህ ና አለኝ። ሰው የለኝም። ጠብታውን ስገዛ ቆይቼ ሱቁ ሲቃጠል ተውኩት። ባለፈው ሳምንት ከኩስ ጀልባ ላይ ወደ ጎን ረግጬ ውኃ ውስጥ ወደቅሁ። ጎትቶ ሲያወጣኝ ሰክረሃል አለኝ። አዎ አልኩት። ሰካራም ይታገሡታል፤ ዕውር ዝንብ አሳሪ ግን ማን ያስቀምጣል?

ና እንዳይሉኝ። ከድባጤ የወጣን ዕለት የስርጉትን እጅ ይዤ በሰሊጡ ማሳ የሮጥኩት እኔ ነኝ። ጫማዋ ሲወልቅ ልመለስ አለች፤ እኔ አልለቀቅኋትም። ወደኋላ አትዪ፣ እኔን ብቻ እዪ እያልኩ ነው ያወጣኋት። ቤት እሠራልሻለሁ ብዬ ትቻት ሄድኩ። አሁን በምን ፊቴ እጄን ይዘሽ ምሪኝ ልበላት?

አንድ ነገር ብቻ ይለምኑልኝ። እዚያ ሌላ አግብቷል ይበሏት። ትርገመኝና ትገላገል። ገና ወጣት ናት። እኔ እዚህ የምሆነውን እሆናለሁ።

ከዚህ በኋላ ላባ አይላኩ።

ታምሩ

*

መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.
አሶሳ

ለልጄ ለታምሩ

ከውኃ ያወጣህን ሽማግሌ እጁን እግዜር ይባርከው፤ ስሙ ምንም ቢሆን።

ያልከውን አላደርግም። ዕድሜዬን ሙሉ ቆዳ ስሸጥ የተበሳውን ደህና ነው ብዬ ሸጬ አላውቅም፤ ደህናውንም የተበሳ ነው ብዬ አልጥልም። ደብዳቤህን እንዳለ ለስርጉት ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ሌላ አግብቷል በያት ነው የሚልሽ? ማን ታገባዋለች፣ ጸጉሩን እንኳ አበጥሮ የማያውቅ» አለች። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣች። አልተከተልኳትም።

ስትመለስ ከአልጋዋ ሥር ያቺን ሰማያዊ አንድ እግር ጫማ አወጣች፤ ምላጭም ያዘች። አትቁረጪያት አልኳት። «ጥንዷን ጥላ የመጣች ጫማ ምን ትሠራለች?» አለችኝ። ለዓመታት እኔ ስላት የኖርኩትን ነው። ቀረጸቻት፤ ፊቷን አሰረጎደቻት፤ የኡምኩልሱም አውራ ዶሮ ያቀበለንን ጥቁር ላባ ጠመጠመችባት። በባልዲ ሞከርናት። ልክ አንተ እንደጻፍከው ‹ቡልቅ› አለች። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ናት። መጨረሻዋን ስርጉት የሹሩባ ጫፍ በምትቋጥርበት ቋጠሮ ነው የቋጠረችው። በዓይንህ አትመርምራት፤ በጣትህ ያዛት።

አሁን የእኔን ስማኝ። ሐኪሙ ሰው ይዘህ ና ካለ ሰው እዚህ አለ። በአዲስ አበባ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ግንቦት መግቢያ ላይ ነው። የኦመር ወንድም የአገር ልጆችን አነጋግሯል፤ የጉዞ ወረቀቱን ከኤምባሲ ያስወጡልሃል፣ ቲኬቱን እኔ ከፍያለሁ። ለመጋዘኑ ጣሪያ ያስቀመጥኩት ነበር፤ ጣሪያው አንድ ክረምት ይታገሠኛል፣ ዓይንህ ግን አይታገሥም። በየቀኑ ስታመነታ የሚያልቀው ያ በቀርከሃው ውስጥ የቀረህ ነው። እሱም ካለቀ በኋላ መምጣትህ አይቀርም፤ ያኔ ግን ስርጉትን አታያትም። ስሌቱ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።

እሷም አንድ ቃል ጻፊለት ብላኛለች። «ያኔ ወደኋላ አትዪ አልከኝ፣ እሺ ብዬ ተከተልኩህ። አሁን የአንተ ተራ ነው።»

የዝናሽ

*

ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከግድቡ ዳር

ለአክስቴ ለወይዘሮ የዝናሽና ለስርጉት

በእናንተ ቤት የሚገባው ብርሃን አይጉደል።

ይህን የሚጽፈው ረጋሳ የሚባል የባምባሲ ልጅ ነው፤ እኔ እየነገርኩት። የእናንተንም ደብዳቤ ያነበበልኝ እሱ ነው። የጫማዋ ነገር ጋ ሲደርስ ከመጀመሪያው ጀምር አልኩት።

ደብዳቤው ሳይነበብልኝ በፊት ዝንቧን በጣቴ ይዣት ነበር። ቋጠሮዋን አውቄአታለሁ። በሠርጋችን ማግስት ስርጉት ጸጉሯን ስትቋጥር ጣቴን ጫፉ ላይ አስቀምጪልኝ እያልኩ አስቸግራት ነበር፤ ያው ቋጠሮ ነው።

ለኩስ እውነቱን ነገርኩት። ከዚያ ብርድ ሊገባ ስለሆነ ዛሬ ካልሆነ አይሆንም ብሎ ወደ ውኃው ወሰደኝ። ጀልባው መሃል አስቀመጠኝ፤ ዝንቧን ከክሩ ጋር አስሮ ወረወረልኝና ዘንጉን በእጄ ሰጠኝ። መሽቷል፤ እኔ ምንም አላይም። ጥቁር ላባ፣ ጥቁር ውኃ። ሳብ አልኩት። ‹ቡልቅ› አለች። የት እንዳለች አወቅሁ። እንደገና ሳብኩ፤ እንደገና ነገረችኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ እንዲህ ያለችዋን ሳስር በዓይን ብቻ የምትታይ ዕቃ ነበር የምትመስለኝ። በሦስተኛው ውኃው ተሰነጠቀና ዘንጉ ከእጄ ሊወጣ ደረሰ።

ኩስ ዓሣውን በሁለት እጁ ይዞ እኔም እንድዳስሰው አደረገኝና ለቀቀው። «ማን ነው ያሰራት?» አለኝ። ሚስቴ አልኩት። «ሚስት እንዳለህ አልነገርከኝም።» አልነገርኩህም አልኩት። ዝንቧን ከክሩ ፈትቶ መለሰልኝ፤ ይህችን አልሸጥም ብሎ።

የጉዞ ወረቀቱ ወጥቷል። ሚያዝያ 24 አዲስ አበባ እገባለሁ፤ በማግስቱ ወደ አሶሳ በሚመጣው አውሮፕላን እመጣለሁ፣ ከዚያ አብረን ወደ ሐኪሙ እንመለሳለን። ረጋሳ እስከ አዲስ አበባ አብሮኝ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ጠብታውን እያደረግሁ ነው፤ እንዲቆይልኝ እየለመንኩ። ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የማደርገው ጣቴን ፊት ለፊቴ ማንሣት ነው። እስከ ዛሬ ጠዋት አለ። ትናንት ከነበረው ግን ጠበብ ያለ መስሎኛል።

ስርጉት፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ጎን እንዳትቆሚ። ጎን የቆመ አይታየኝም፤ አልፌሽ እሄዳለሁ። መሃል ቁሚ። ቢጫ ልበሺ። ምናልባት እስከዚያ እሱም ካለቀ ተናገሪ፤ ድምፅሽን ሰምቼ እመጣለሁ።

ታምሩ

*

ከማስታወሻዬ፣ ሚያዝያ 23

ዛሬ ከነዕማ ሱቅ ቢጫ ሻርፕ ገዛሁ። ስርጉት አንድ ጊዜ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ርቃ ቆመችና «ከዚህ ይታያል?» አለችኝ። ይታያል አልኳት። የበለጠ ደመቅ ያለ ካለ አውጪ ብዬ ነዕማን አስወጣኋት፤ ሌላም አስወጣኋት። የመጨረሻውን ያዝን። ነዕማ ዋጋውን ጠራች፤ እኔ ከፈልኩ። ሳልከራከር ስከፍል አይታኝ ስለማታውቅ፣ «የዝናሽ፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ።